በ1 ዩሮ የተሸጡ ባንኮች

ጁን 2017 (ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አውሮፓ ውስጥ ባንክ በ1 ዩሮ ይሸጥ ነበር። ቀልድ አይደለም። ጁን 7 የስፔኑ ባንኮ ፖፑላር በ1 ዩሮ የሳንታንደር ሆነ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ የጣሊያኖቹ የቬኔቶ ባንካና የባንካ ፖፖላሬ ዲ ቪቼንሳ ጤነኛ ክፍል በዚያው በ1 ዩሮ ለኢንቴሳ ሳንፓውሎ ተሰጠ። ዋጋው አንድ ነው፤ ኪሳራውን የከፈለው ግን ለየቅል። እኔን የሚያናድደኝም እሱ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ የዩሮ አገሮችን ትልልቅ ባንኮች የሚቆጣጠረው ፍራንክፈርት ያለው የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ነው። እሱ «ይሄ ባንክ ወድቋል፣ ወይ ሊወድቅ ነው» ሲል ጉዳዩ ብራስልስ ወዳለው የባንክ ውድቀት ቦርድ ይሄዳል። ቦርዱ ይጠይቃል፦ ጣልቃ መግባቴ ለሕዝብ ጥቅም ያስፈልጋል ወይ? አዎ ካለ፣ ኪሳራውን መጀመሪያ ባለአክሲዮኖች፣ ቀጥሎ ለባንኩ ያበደሩ በየተራቸው ይሸከማሉ፤ እስከ 100 ሺህ ዩሮ ያስቀመጠ ሰው አይነካም። አይ ካለ፣ ባንኩ በአገሩ የኪሳራ ሕግ ይዘጋል።

ፖፑላር ላይ አዎ አለ። ባለአክሲዮኖቹ ባዶ እጃቸውን ቀሩ፣ የበታች ቦንድ የያዙትም እንዲሁ። የመንግሥት ካዝና አልተነካም። ጭካኔ አለው፤ ግን ቃል የተገባው ይኸው ነበር።

ጣሊያኖቹ ላይ አይ አለ። ለምን? ቢዘጉ የፋይናንስ መረጋጋት ብዙም አይናጋም። ይሄ የተባለው አርብ፣ ጁን 23 ነው። እሑድ ደግሞ የአውሮፓ ኮሚሽን ጣሊያን ለዚሁ መዝጊያ 4.8 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ በጥሬው፣ በላዩም እስከ 12 ቢሊዮን የሚደርስ ዋስትና እንድትሰጥ ፈቀደ። ለምን? ዝም ብለው ቢዘጉ የቬኔቶ አካባቢ ኢኮኖሚ ክፉኛ ይጎዳል! ቅዳሜ ዕለት ምን ተፈጠረ እንግዲህ?

መልስ አላቸው፦ የጣሊያን ባንኮች የበታች ቦንድ የሸጡት ለገዛ ደንበኞቻቸው፣ ለጡረተኛና ለባለሱቅ ጭምር ነበር። እውነት ነው፣ አልንቀውም። ግን የተታለለን ጡረተኛ መካስ ሌላ፣ ቅድሚያ የሚከፈልበትን ቦንድ የያዙ ፈንዶችን ሳይነኩ ማሳለፍ ሌላ። ጡረተኛው ከፊት ቆመ፣ ፈንዱ ከጀርባው ተሻገረ። ደሞስ ስፔን ውስጥ ትንንሽ ሰዎች አልነበሩም? ፖፑላር በ2016 የ2.5 ቢሊዮን ዩሮ አዲስ አክሲዮን ሲሸጥ የገዙት እነማን ሆኑና? ለእነሱ ካዝና የከፈተ መንግሥት የለም።

እኔ ሁሉም ይጨከንበት አላልኩም። የምለው፦ ቦርዱ «አያስፈልግም» ብሎ የተወውን ባንክ ኮሚሽኑ በግብር ከፋይ ገንዘብ እንዲያዘጋ አይፈቀድለት፤ ክልሉን የሚያናጋ ባንክ ከሆነም ቦርዱ አርብ ዕለቱን ይረከበው፣ አበዳሪዎቹም በተራቸው ይክፈሉ።