አደይ አበባው ድንበር ላይ ይቆይ

መስከረም ሲጠባ የከተማው ሰው አደይ አበባን የሚያገኘው አስፋልት ዳር ነው። ገጠር ወጣ ብለው የለቀሙ ልጆች ከለምለም ሣር ጋር በእቅፍ በእቅፍ አስረው እየዞሩ ይሸጡታል። ገዢው ትንሽ ተከራክሮ ይወስደዋል፤ ሣሩን ቤት ውስጥ ይጎዘጉዛል፣ አበባውን በብርጭቆ ውኃ ያቆመዋል፣ ከሦስት ቀን በኋላ ሲጠወልግ አውጥቶ ይጥለዋል። ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የመጣው ከአንድ አርሶ አደር ማሳ ድንበር፣ ካልታረሰ ዳገት፣ ከወንዝ ዳር ወይም ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ነው። ድንበሩ ግን በብዙ ቦታ የድሮው ድንበር አይደለም። በየዓመቱ ከዚህ በኩል አንድ ትልም፣ ከዚያ በኩል አንድ ትልም እየተጨመረበት፣ ሁለት ጎረቤታሞች አንድ እግር ብቻ በሚያሳርፍ መንገድ ተለያይተው የሚያርሱበት ቀበሌ በርክቷል።

በባሕረ ሐሳብ አቆጣጠር ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ያለው ጊዜ ክረምት ነው። ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው ደግሞ መጸው ይባላል። በራዲዮም በመድረክም መስከረምን «ጸደይ» ማለት ተለምዷል፤ ጸደይ የሚገባው ግን መጋቢት 26 ነው። እንቁጣጣሽና መስቀልም ቢሆኑ በዚህ አቆጣጠር በክረምቱ ጭራ ላይ የሚውሉ በዓላት ናቸው። አርሶ አደሩ ይህን ለማወቅ የቀን መቁጠሪያ አያስፈልገውም። መጸው ሲገባ ጭቃው ይጠነክራል፣ ማለዳው ይቀዘቅዛል፣ ባቄላው እሸት ይሆናል፣ የሰማዩ ውኃ ቆሞ የወንዙ ውኃ ይጠራል። ላሟም ክረምቱን የጠገበችው ሣር በወተቷ ይታያል።

የወቅቱ ደስታ ከዚህ ይጀምራል። ከአረም መልስ የባቄላ እሸት ፈልፍሎ መብላት፣ በቆሎውን እሳት ዳር ማገላበጥ፣ ገብሱ ሳይደርቅ ለብልቦና አሽቶ ለልጆች ማካፈል፣ ይህ ሁሉ ገንዘብ አይጠይቅም። በወረዳ ሪፖርት ላይ በሄክታር ስንት ኩንታል እንደሚጠበቅ ይጻፋል፤ መጻፉም ተገቢ ነው። እሸት ስንት ቤት እንደገባ ግን የሚቆጥር የለም። ሰኔና ሐምሌን በጉድለት ላለፈ ቤተሰብ ያ እሸት ከጎተራው ቀድሞ የደረሰ እህል ነው። ቤቱ አውደ ዓመት የሚመስለውም በእሱ ነው።

በዓላቱም ከማሳው የራቁ አይደሉም። የመስቀል ደመራ ያለ አደይ አበባ አይደመቅም። ለእሬቻ የሚወጣው ሕዝብ ለምለም ሣርና አደይ ይዞ ነው የሚወርደው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው ዘመነ ጽጌ ስሙን የወሰደው ከአበባ ነው። ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ሲገባ ደግሞ ማዕዱ የሚያርፈው በኑግ፣ በሱፍና በተልባ ላይ ነው፤ ኑጉም የሚታጨደው በዚያው ሰሞን ነው። ገና ሲደርስ ለጠጁ ማር ይፈለጋል። ማሩ ደግሞ ከጥቅምትና ከኅዳር ቆረጣ የተረፈው ነው። እንግዲህ ሰው በመጸው የሚደሰትባቸውን ነገሮች ወደ ኋላ ቢከተላቸው አብዛኞቹ ከአበባ ይጀምራሉ። አበባው ላይ የሚደርሰው ጉዳት የግብርናው ጉዳይ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ጉዳቱ የሚጀምረው ማንም ስለ አበባ በማያስብበት ወር፣ በነሐሴ ነው። ጤፍና ስንዴ ላይ ቅጠለ ሰፋፊ አረምን ለማጥፋት በብዛት የሚረጨው ቱ ፎር ዲ የተባለው ፀረ አረም ነው። ኬሚካሉ ሣር ነክ የሆነውን ጤፍና ስንዴ ትቶ ቅጠለ ሰፋፊውን ያጠቃል። አደይም ቅጠለ ሰፊ ነው። በነሐሴ ገና አላበበም፤ ቅጠል ብቻ ነው። የሚረጨው ሰው የመርጫውን አፍ ከማሳው አሻግሮ ድንበሩንም አጠብ አጠብ ሲያደርገው፣ ወይም ነፋስ ጉሙን ሲወስደው፣ የሚሞተው ገና ስም ያልወጣለት አረንጓዴ ቡቃያ ነው። ሲያብብ ቢደርቅ ኖሮ ሰው ባዘነለት። አሁን ግን መስከረም ላይ ቢጫው ጎድሎ ሲገኝ «ዘንድሮ ዝናቡ በዛ» ወይም «ዘንድሮ ዝናቡ አነሰ» ተብሎ ይታለፋል።

አርሶ አደሩ ፀረ አረም ለምን ይጠቀማል ብሎ መውቀስ ቀላል ነው፤ ፍትሐዊ ግን አይደለም። ጤፍ በእጅ ሲታረም ብዙ ሰውና ብዙ ቀን ይወስዳል። ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው፤ መሆንም ያለባቸው እዚያ ነው። የቀን ሠራተኛ ዋጋ የሚቀመስ አይደለም። ስለዚህ ማሳው ውስጥ የሚረጨው ርጭት ለብዙ ቤተሰብ አማራጭ የሌለው ሆኗል። ጥያቄው ማሳው ላይ ስላለው ርጭት አይደለም፤ ድንበሩ ላይ፣ ቦዩ ዳር፣ መንገዱ ግራና ቀኝ ላይ ስለሚባክነው ነው። እዚያ የሚፈሰው ኬሚካል በገንዘብ የተገዛ ነው፤ ለጤፉም አንዲት ዘለላ አይጨምርለትም።

ሌላው ጉዳት ከጥቅምት ወዲህ ያለው ነው። ሽምብራው ላይ ጓይ ትል ሲታይ ፀረ ተባይ ይረጫል። ይህ ከፀረ አረሙ የባሰ ነው፤ ተክሉን አልፎ ንቧን ራሷን ይገድላል። አርፋጅ ሰው ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ ንቡ ከቀፎ ወጥቶ አበባ ለአበባ በሚዞርበት ሰዓት ይረጫል። ከሁለት ቀን በኋላ ጎረቤቱ ቀፎው በር ላይ የንብ ሬሳ ይጠርጋል። ሁለቱ ሰዎች አንድ እድር ናቸው፤ ደቦም ይገባበዛሉ። ሆኖም የአንዱ መርጫ የሌላውን የዓመት ገቢ እንዳጠፋ ሳይነጋገሩ የሚቀሩበት ጊዜ ብዙ ነው። አንዳንዴ ንብ አናቢው ራሱ ምክንያቱን አያውቀውም፤ ዓይነ ጥላ ያደርገዋል።

ኢትዮጵያ ከአፍሪካ በማር ምርት ቀዳሚ ናት። ዋናው ቆረጣ የሚካሄደው ከክረምት በኋላ፣ በጥቅምትና በኅዳር ነው፤ ሁለተኛው በሚያዝያና በግንቦት አካባቢ ይመጣል። ለመጀመሪያው ቆረጣ ንቡ ከሚቀስማቸው ዋናዎቹ አደይ፣ መችና ኑግ ናቸው። አንድ ባህላዊ ቀፎ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 8 ኪሎ ግራም ማር ይሰጣል፤ ዘመናዊው ባለ ፍሬም ቀፎ ከዚህ እጥፍና ከዚያም በላይ ሊሰጥ ይችላል። ነገር ግን ዘመናዊ ቀፎ ሣጥን ነው። ሣጥኑን የሚሞላው አበባ ነው። በየቦታው ለወጣቶች የታደሉ ቀፎዎች ባዶአቸውን ሲቀሩ «ወጣቱ ሰነፍ ነው» የሚባለውን መቀበል ከባድ ነው። መጀመሪያ መታየት ያለበት በአካባቢው በመስከረምና በጥቅምት የሚቀሰም ነገር አለ ወይ የሚለው ነው። ከሌለ ሥልጠና ቢደጋገም፣ ስኳር በጥብጦ ማብላቱም ቢጨመር፣ ማር አይመጣም።

ኑግ ላይ ጉዳዩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ኑግ መገኛው ኢትዮጵያ የሆነ፣ ከሱፍ አበባና ከአደይ ጋር አንድ ቤተሰብ ውስጥ የሚመደብ ሰብል ነው። በራሱ ብናኝ ፍሬ የመያዝ አቅሙ እጅግ ዝቅተኛ ነው፤ ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ብናኝ የሚያመላልስለት ነፍሳት ይፈልጋል። ያንን ሥራ በዋናነት የምትሠራው ንብ ናት። ንብ በሌለበት አካባቢ ኑግ በቢጫው ሊያምር ይችላል፤ ሲወቃ ግን ብዙው ገለባ ይሆናል። ስለዚህ ቀፎ የሌለው ኑግ አምራችም የጎረቤቱ ቀፎ ተጠቃሚ ነው። ድንበር ላይ ያለው አደይ ደግሞ ኑጉ እስኪያብብ ድረስ ያንን ንብ ይዞ የሚያቆየው ነው። የዘይት ዋጋ በተወደደበት ጊዜ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

በእርግጥ ድንበርን ማጽዳት የሚመርጡ አርሶ አደሮች የራሳቸው ምክንያት አላቸው። አንደኛው አይጥ ነው፤ ሣር የበዛበት ድንበር አይጥ ያራባል ይላሉ፤ እውነትም አላቸው። ሁለተኛው የአረም ዘር ነው። መች ከድንበር ተነሥቶ ጤፍ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ ያላየ አርሶ አደር የለም፤ የአደይ ዘመድ የሆነው ጨጎጊትም ከልብስና ከከብት ጠጉር ላይ ተጣብቆ ማሳ ይገባል። ለዚህ መልሱ ሁሉንም ትቶ ማሳደር ሊሆን አይችልም። ማሳ ውስጥ የገባው መች ይነቀል። ጨጎጊት ዘር ሳይዝ ይታጨድ። ድንበሩ ላይ ያለው አደይ ግን ተለይቶ ይተው። ይህን ለመለየት ባለሙያ መጥራት አያስፈልግም፤ የዐሥር ዓመት እረኛ ሦስቱንም በቅጠላቸው ይለያቸዋል።

ርጭቱን በተመለከተ ሥራው የሚጠይቀው ገንዘብ የለም። ነፋስ በሌለበት ሰዓት መርጨት፣ የመርጫውን አፍ ወደ ማሳው ማጎንበስ፣ ከድንበሩ አንድ ሁለት እርምጃ መለስ ብሎ ማቆምና ያን ጠርዝ በእጅ ማረም ይቻላል። ፀረ ተባይ ከሆነ ደግሞ ንብ ቀፎ ውስጥ በምትሆንበት ሰዓት፣ ማምሻውን ወይም ገና ጎህ ሳይቀድ መርጨትና ለንብ አናቢው ከቀን በፊት መንገር ነው። አስተናጋጁ ተጠንቅቆ ቀፎውን በሌሊት ቢዘጋ፣ ኬሚካሉ ከረገበ በኋላ ቢከፍት ችግር የለውም። ብዙ ቀበሌዎች የተከለለ ተፋሰስ ላይ ከብት እንዳይገባ የሚያደርግ ደንብ አላቸው፤ የጣሰ ይቀጣል፤ ደንቡም ይከበራል። በዚያው ደንብ ላይ ስለ ርጭት ሰዓት አንድ አንቀጽ መጨመር የልማት ጣቢያ ሠራተኛውንና የቀበሌውን ሽማግሌዎች አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቢያሰባስብ የሚያልቅ ጉዳይ ነው። እስካሁን ያልተደረገው ከባድ ሆኖ ሳይሆን ማንም የኔ ሥራ ነው ስላላለው ይመስላል።

አበባ ለቃሚዎቹ ልጆችም መነገር ያለባቸው ነገር አለ። አደይ የሚራባው በዘሩ ነው። ከሥሩ የተነቀለ አደይ ለዘንድሮ ደመራ ይደርሳል፤ ለከርሞ የሚተካው ግን የለውም። በማጭድ ወይም በእጅ ከመካከሉ ቢቆረጥ፣ ከእያንዳንዱ ቁጥቋጦም ጥቂት ራስ ቢተው በቂ ነው። ከተማ ያለው ገዢም ቢሆን ሥሩ ከነአፈሩ የተንጠለጠለበትን እቅፍ አልገዛም ቢል ወሬው በአንድ ቀን ገበያውን ያዳርሳል።

ኅዳር 12 ላይ ያለው ልማድም ከዚሁ ጋር መታየት ይችላል። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ አገሩን ካጠቃ ወዲህ በዚያ ዕለት ቆሻሻ ሰብስቦ ማቃጠል ተለምዶ ቆይቷል፤ «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው ይኸው ነው። ግቢን አጽድቶ መዋል መልካም ነው፤ ልጆችም ይወዱታል። ሆኖም ከሚቃጠለው ውስጥ ብዙው ቅጠል፣ ገለባና የከብት ትራፊ ነው፤ ማዳበሪያ በተወደደበት ዘመን ይህ ኮምፖስት ጉድጓድ ውስጥ መግባት ነበረበት። ፕላስቲኩ ደግሞ ሲቃጠል ለሰውም ለንብም አይበጅም። ጽዳቱ ይቀጥል፤ እሳቱ ግን ቢቀንስ ሥርዓቱ አይጎድልበትም።

ማሩን በተመለከተ አንድ ነገር ቀርቷል። በዓል ሲቃረብ ገንዘብ ያስፈልጋልና ቀፎውን ሙልጭ አድርጎ መቁረጥ የተለመደ ነው። ንቡ በጋውን የሚያልፍበት ስንቅ ካልተተወለት ግን ይኮበልላል፤ ወይም ተዳክሞ የሚያዝያውን አበባ ሳያይ ይቀራል። በኅዳር ጥቂት እሸራ መተው በገና ገበያ ጥቂት ብር ማጣት ነው፤ በሚያዝያ ደግሞ ሌላ ቆረጣ ማግኘት።

ድንበሩ ላይ ያለው ሣር እስከ ኅዳር አጋማሽ ሳይነካ ቢቆይ አደዩ ዘሩን አራግፎ ይጨርሳል። ያን ጊዜ ታጭዶ ለበሬዎቹ ይሰጣል፤ አይጡም መደበቂያ ያጣል። የጤፍ አጨዳው ደቦም በዚያው ሰሞን ስለሚሆን፣ ማጭዱ ከእጅ ሳይወርድ ሥራው በአንድ ቀን ያልቃል።