ጥጉ የተሰበረው ጣፊያ ነው

ይድረስ ለሂስቶሎጂና ኤምብሪዮሎጂ መምህሮቼ፣ እንዲሁም ይህንኑ ትምህርት በየዩኒቨርሲቲው ለምታስተምሩ ሁሉ፦

ከእናንተ ክፍል ከወጣሁ ዓመታት አልፈዋል። ዛሬ የፓቶሎጂ ሬዚደንት ነኝ፤ እንጀራዬ ያው ስላይድ ነው። የግቢያችንንም የእናንተንም ስም አልጠራም፤ ቅሬታዬ ከአሠራሩ ጋር ነው።

ስላይድ አይተን ስሙን የምንጽፍበት የስፖተር ፈተና ትዝ ይላችኋል? ማይክሮስኮፖቹ ተደርድረው፣ ደወል በተደወለ ቁጥር አንድ ቦታ እየተገፋን፣ ለእያንዳንዱ አንድ ደቂቃ። በዋዜማው ሌሊት ከሲኒየሮች የወረስናት አንዲት ወረቀት ዶርም ለዶርም ስትዞር አደረች። «ጥጉ የተሰበረው ጣፊያ ነው። የአየር አረፋ ያለበት ታይሮይድ። ቀለሙ የለቀቀው ቆሽት።» በማግስቱ ጥጉ የተሰበረው ስላይድ ፊቴ ቀረበ። በሌንሱ ስመለከት ብዥ ከማለቱ የተነሳ ሮዝ ደመና እንጂ ሌላ አይታይም ነበር። «ጣፊያ» ብዬ ጻፍኩና አለፍኩ፤ ሙሉ ነጥብ አገኘሁ። ከእኔ በፊትም ከእኔም በኋላ ያለፉት ልጆች ስለ ፎከሱ አንዳች አላሉም። ምን ሊሉ? የመስተዋቱን ስብራት አይተውታል።

ቸከላን አልነቅፍም፤ ያለ ቸከላ ሐኪም የሆነ ሰው አላውቅም። ችግሩ የቸከልነው ነገር ነው። ስላይድ ማለት በፎርማሊን እንዳይበሰብስ የተደረገ፣ በሰም የተሞላ፣ ከዚያ አራት ወይም አምስት ማይክሮሜትር ሆኖ የተቆረጠ ሥጋ ነው፤ ከራስ ጸጉር ውፍረት ከአሥር እጅ በላይ የሳሳ። ማካሮኒ ቆልላችሁ በአንድ ቢላ ብትቆርጡት አንዱ ክብ፣ አንዱ ሞላላ፣ አንዱ ሁለት ትይዩ መስመር ሆኖ ይወጣል። የኩላሊት ቱቦዎችም እንዲሁ ናቸው። ይህ ቀላል ነገር የገባኝ ሬዚደንት ከሆንኩ በኋላ መሆኑን ስናገር አፍራለሁ። ያኔ ክቡ አንድ ነገር፣ ሞላላው ሌላ ነገር ይመስለኝ ነበር።

ዋጋ ያስከፈለኝ ግን ጉበት ነው። በሃንድአውታችን ላይ የነበረው ጉበት ዙሪያውን በነጭ ድንበር የታጠረ፣ እንደ ማር እንጀራ ባለ ስድስት ማዕዘን ነበር። ያ የአሳማ ጉበት ነው። የአሳማ ጉበት ሎቢዩሎቹን፣ ማለትም ጥቃቅን ክፍሎቹን፣ የሚለይ የጠነከረ አያያዥ ሕብረ ሕዋስ አለው፤ የጤነኛ ሰው ጉበት ግን ድንበሩ እምብዛም አይታይም። ሬዚደንት ሆኜ በገባሁ ሰሞን አንድ የጉበት ናሙና ተሰጠኝና ክፍል ክፍሉ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። «ጤነኛ ነው፤ እንዲያውም እንደ መጽሐፉ ነው» አልኩ። አለቃዬ ዝም ብለው ቆዩና «ይህ ሲሮሲስ ነው» አሉኝ። ጠባሳውን ነበር እንደ ውበት የቆጠርኩት። ሥዕሉ የአሳማ መሆኑን አንድ ቃል ብትነግሩን ምን ነበረበት?

ማየት ፍርድ ነው። የነርቭ ሥርዓት አጥኚዎቹ ካሚሎ ጎልጂና ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካሃል በ1906 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማትን ሲካፈሉ፣ ካሃል የተጠቀመው ጎልጂ ራሱ ያገኘውን ማቅለሚያ ነበር። ጎልጂ የነርቭን ሥርዓት የተያያዘ መረብ አድርጎ ሲያየው፣ ካሃል ግን የተነጣጠሉ ሕዋሶች አየ። ካሃል ያየውን እየሣለ ነበር የሚመረምረው። እኛ እርሳስ ይዘን ላቦራቶሪ የገባነው ለአተንዳንስ ለመፈረም ነው።

ኤምብሪዮሎጂው ደግሞ የቀን መቁጠሪያ ሆኖብን አለፈ። የነርቭ ቱቦው የፊት ቀዳዳ ከፅንሰት በኋላ በ25ኛው ቀን ገደማ፣ የኋላው በ28ኛው ቀን ገደማ ይዘጋል፤ «ለ» የሚለውን አክብብ። አከበብኩ። ከሁለት ዓመት በኋላ በሕፃናት ክፍል አከርካሪው ሳይዘጋ የተወለደ ልጅ ያቀፈች እናት «ክኒኑን አንድ ቀን አላጓደልኩም፣ ዶክተር፤ ምን አጥፍቼ ነው?» ስትለኝ መልስ አልነበረኝም። የፎሊክ አሲድ ክኒኑን የሰጧት ለመጀመሪያ ጊዜ ለክትትል በሄደች ቀን ነው፤ ያኔ ሦስተኛ ወሯን ይዛ ነበር። 28ኛው ቀን ማለት የወር አበባዋ ከቀረ ገና ሁለት ሳምንት ገደማ ነው፤ ብዙ ሴት ማርገዟን እንኳ አታውቅም። ፎሊክ አሲድ ይህን ጉዳት በእጅጉ እንዲቀንስ የሚወሰደው ከእርግዝና በፊት ጀምሮ ነው። ጥፋቱ የእሷ አልነበረም፤ ይህን ልነግራት የሚያስችለኝን ቁጥር ይዤ ቆሜ ዝም አልኩ። ቁጥሩ በጭንቅላቴ ውስጥ ከሴት ጋር ተገናኝቶ አያውቅማ።

«ማይክሮስኮፕ የለም፣ ተማሪው ብዙ ነው፣ እኛም ጥቂት ነን» እንደምትሉ አውቃለሁ፤ እውነትም ነው። አራት ሆነን በአንዱ ስንጋፋ አይታችኋል። ግን ችግሩ ሥር እንዲሰድ ያደረገው ድህነቱ ብቻ አይደለም፤ ፈተናው ነው። ተማሪ የሚያጠናው የሚፈተነውን ነው። በጎረቤታችሁ በፓቶሎጂ ክፍል መደርደሪያ ላይ ያለ አንድ የሰም ብሎክ ብዙ አዳዲስ ስላይድ ይወጣዋል። ፈቃዱን ጨርሳችሁ፣ የታካሚውን መለያ አስወግዳችሁ አስቆርጡ። ከዚያ ተማሪው አይቶት የማያውቀውን ስላይድ አስቀምጡለትና «ይህ ምንድን ነው?» በማለት ፈንታ «የምታየውን ጻፍ» በሉት። አንድ ደቂቃውንም አሥር አድርጉለት፤ ሃያው የማይክሮስኮፕ ጣቢያ አራት ቢሆን ማንም አይጎዳም። በኤምብሪዮሎጂው ሳምንት ደግሞ አንድ ጠዋት ወደ ቅድመ ወሊድ ክትትል ክፍል ውሰዷቸው፤ በር ላይ ቆመው እናቶቹ በስንተኛው ወር እንደሚመጡ ይቁጠሩ።

ባለፈው ወር የግቢያችን የሁለተኛ ዓመት ልጆች ላቦራቶሪያችንን ሊጎበኙ መጥተው ነበር። ስለ ፈተናው ጠየቅኳቸው። ወረቀቷ አሁን በቴሌግራም ነው የምትዞረው። ጥጉ የተሰበረው ዛሬም ጣፊያ ነው። እባካችሁ፣ ቢያንስ እሱን ስላይድ ቀይሩት።

የቀድሞ ተማሪያችሁ