ባቄላው የማይበስለው በውሃው አይደለም

ወንድሜ ክረምትን የሚያሳልፈው እኛ ቤት፣ ሰሚት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። የኬሚስትሪ ተማሪ ነው፤ ሦስተኛ ዓመትን ጨርሷል። (የትኛው ዩኒቨርሲቲ እንደሆነ አልነግራችሁም፤ ልጁ ገና አልተመረቀማ!) ባለፈው ሰሞን "ኢንትሮፒ ምንድን ነው?" ብዬ ጠየቅኩት። ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንዲት ቃል ሳትዛነፍ፣ በእንግሊዝኛ አነበነበው። "እሺ፣ በአማርኛስ?" ዝም። "በራስህ እንግሊዝኛስ?" አሁንም ዝም። ፊዚካል ኬሚስትሪ ላይ ግን "ኤ" አለው።

ይህን ሳወራ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ማኪያቶ የምንጠጣው ጓደኞቼ የሚመልሱልኝ አንድ ነገር ነው፤ "የዘንድሮ ተማሪ ሰነፍ ነው።" ውሸት! ያን ሁሉ ሃንዳውት የሸመደደ ልጅ ሰነፍ አይባልም። የሰነፈው ሌላ ነው። (እኔ የተማርኩት ጋዜጠኝነት ነው፤ "አንቺን ምን አገባሽ?" ለምትሉኝ፣ መጠየቅ ሙያዬ ነው።)

እስቲ ወደ ወጥ ቤታችን ግቡ። እናታችን ያደገችው ድሬዳዋ ነው። አዲስ አበባ ከገባች ሃያ ዓመት አልፏታል፤ እስከ ዛሬ ግን "የዚህ አገር ባቄላ አይበስልም፤ ውሃው ነው" ትላለች። ውሃው አይደለም እማዬ፤ አየሩ ነው። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ድሬዳዋ ደግሞ በ96። አንዴ ከፈላ በኋላ ምንም ያህል እሳት ቢጨመርበት ሙቀቱ ከዚያ አያልፍም። ፕሬዠር ድስትም ቢሆን ተአምር አይሠራም፤ እንፋሎቱን አፍኖ፣ ግፊቱን ከፍ አድርጎ፣ ውሃው ከ100 ዲግሪ በላይ እንዲሞቅ ያደርጋል፤ በቃ። ይህንን የሚያሰላው ቀመር ወንድሜ ደብተር ላይ፣ በቀይ ተሰምሮበት፣ አለ። ከእናቱ ድስት ጋር ያስተዋወቀው መምህር ግን የለም።

ኪኔቲክስስ? በክረምት ሊጥ ለምን ይዘገያል? ስዊድናዊው አሬኒየስ እ.ኤ.አ. በ1889 ሙቀት የኬሚካል ለውጥን ፍጥነት ምን ያህል እንደሚቀይር በቀመር አሳየ። እናቴ ደግሞ ሐምሌ ሲገባ የሊጡን ባልዲ ወደ ምድጃው ታስጠጋለች። ሁለቱ አይተዋወቁም፤ ቢገናኙ ግን ይግባቡ ነበር። በነገራችን ላይ ይኸው አሬኒየስ በ1884 ያቀረበውን የዶክትሬት ጽሑፍ የኡፕሳላ መምህራን ያሳለፉት በዝቅተኛ ውጤት ነው። በ1903 ከዚያው ሥራ በተነሣ ሐሳብ የኖቤል ሽልማት ወሰደ። "ኤ" ማለት መረዳት፣ "ዲ" ማለት ድንቁርና ለሚመስላችሁ!

ቴርሞዳይናሚክስ "ይህ ነገር በራሱ ሊሆን ይችላል ወይ?" ብሎ ይጠይቃል፤ ኪኔቲክስ ደግሞ "በስንት ጊዜ?" ይላል። አሜሪካዊው ጊብስ ባስተማረን ስሌት ከሄድን፣ በምንኖርበት ግፊትና ሙቀት አልማዝ ወደ ግራፋይት፣ ማለትም ወደ እርሳስ እምብርት፣ መለወጥ አለበት። ሆኖም የማንም ቀለበት እርሳስ ሆኖ አያውቅም፤ መሐል ላይ መሻገር ያለበት ተራራ እጅግ ከፍ ያለ ነው። (የሰፈራችን አልማዞች ሆይ፣ አትስጉ!)

የትምህርት ነገራችንም ይኸው ነው። በ2000 ዓ.ም. ገደማ "ከመቶው ተማሪ ሰባው ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳው ማኅበራዊ ሳይንስ ይግባ" ተባለ። መነሻና መድረሻው ተሰላ፤ መሐል ያለው ተራራ ተረሳ። ቤተ ሙከራው የታል? ቀመሩን ከኑሮ ጋር የሚያገናኝ መምህሩስ? የሚገባን ቋንቋስ? ከዚያ የ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና ጠበቅ ብሎ ሲሰጥ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። አገር ደነገጠ። ተራራው ግን ያን ቀን አልበቀለም።

"በእንግሊዝኛ ካልተማሩ ከዓለም ይነጠላሉ" የሚሉ አሉ። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ይሁን፤ ማን ከለከለ? መምህሩ በመሐል አምስት ደቂቃ ስለ ሊጥ ቢያወራ ግን ምን ይጎድልበታል? "በጀት የለም" የሚሉም አሉ። ለትልልቁ መሣሪያ እውነት ነው። ለድስት፣ ለምድጃና ለአንድ ቴርሞሜትር ግን ምክንያት አይሆንም።

ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ እጠይቃለሁ፦ በየፈተናው አንድ ጥያቄ ይጨመር። "ይህን ቀመር ኬሚስትሪ ላልተማረች እናትህ በሦስት መስመር አስረዳ፤ በፈለግከው ቋንቋ።" ይህን ያልመለሰ "ኤ" አያግኝ። ወንድሜም ቢሆን!

ትናንት ማታ ደብተሩን ይዞ ወጥ ቤት ገባ። ስለ ግፊቱ፣ ስለ ድሬዳዋ፣ ስለ 92 ዲግሪው እየተንተባተበ ነገራት። እማዬ ማማሰያዋን እንደያዘች ሰማችው፣ ሰማችውና፦

"ታዲያ ይህን ለመናገር ሦስት ዓመት ፈጀብህ?" አለችው።