ኪሎ ብቻ አትዩ፣ ወገባችሁንም ለኩ!



አሶሳም ሆነ ሌላ ቦታ ለሕክምና ስትሄዱ ብዙ ጊዜ ኪሎና ግፊት ይለካል፤ ወገብ ግን ይዘለላል። እኔ የምለው ግን ለአዋቂ ሰው ሜትር ከሚዛን እኩል ቦታ ይገባዋል።

መጀመሪያ ቢኤምአይ ምንድነው? ኪሏችሁን በቁመታችሁ (በሜትር) ሁለቴ ማካፈል ነው። ለምሳሌ 70 ኪሎ፣ ቁመት 1.70 ሜትር ቢሆን፦ 70 ÷ 1.70 ÷ 1.70 = 24.2። በዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ ከ18.5 በታች የክብደት ማነስ፣ እስከ 24.9 ጤናማ፣ ከ25 ጀምሮ ከመጠን ያለፈ ክብደት፣ ከ30 ጀምሮ ደግሞ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ነው።

ይሄን ስሌት ያመጣው ኬትሌት የሚባል የቤልጂየም የሂሳብ ሰው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ። የእሱ ዓላማ ሕዝብን ማጥናት እንጂ አንድን ሰው «ታመሃል» ወይም «ደህና ነህ» ማለት አልነበረም። ስለዚህ ቁጥሩ የሚያመልጠው ነገር አለ።

እስቲ ሁለት ሰው እናስብ፤ ሁለቱም ቁመታቸው 1.70 ነው። አንዱ ቀኑን ሙሉ ወርቅ ሲቆፍር የሚውል ጎረምሳ፦ 76 ኪሎ፣ ወገቡ 82 ሴንቲ ሜትር። ሌላው ከወንበር የማይነሳ የቢሮ ሠራተኛ፦ 70 ኪሎ፣ እጅና እግሩ ቀጭን፣ ወገቡ 99። በቢኤምአይ ከሄድን ወፍራም የሚባለው ቆፋሪው ነው (26.3)፤ የቢሮው ሰው «ጤናማ» ተብሎ ይሸኛል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሁለተኛው ነው።

ለምን? ሆድ ውስጥ በጉበትና በአንጀት ዙሪያ የሚከማች ስብ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ኢንሱሊን ሥራውን በአግባቡ እንዳይሠራ ያደርጋል፤ ለስኳር፣ ለደም ግፊትና ለልብ በሽታ ያጋልጣል። እኛ ደግሞ ቦርጭ ስናይ «ተመችቶሃል!» እንላለን። አልተመቸውም!

የሰውነት ቅርጽም ይለያያል። እንደ ኑዌርና ዲንካ ባሉ እግረ ረጃጅም ሕዝቦች ዘንድ ሰውየው ሳይራብም ቢኤምአዩ ዝቅ ሊል ይችላል።

አለካኩ እንዲህ ነው፦ ልብሳችሁን ገልጣችሁ ቁሙ፤ ሆዳችሁን ሳትስቡ ትንፋሽ አውጡ፤ ከመጨረሻው የጎን አጥንትና ከዳሌ አጥንት ጫፍ መሃል ለኩ። ወንድ ከ94፣ ሴት ከ80 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ሥጋቱ ይጨምራል። ከ102 እና ከ88 ካለፈ ደግሞ በጣም ከፍ ይላል።

ሜትር የለም? ገመድ ይበቃል። በቁመታችሁ ልክ ቁረጡ፣ ለሁለት እጠፉ፣ ወገባችሁ ላይ አዙሩት። ጫፍና ጫፉ ካልተገናኘ ወገባችሁ ከቁመታችሁ ግማሽ በልጧል ማለት ነው። ግፊትና ስኳር ተመርመሩ።

ልብ በሉ፦ ይሄ ለነፍሰ ጡርና ለሕፃናት አይሠራም። ሰውነቱ ከስቶ ሆዱ ብቻ ያበጠ ሰውም ነገሩ ስብ ሳይሆን የጉበት ወይም የጣፊያ ችግር ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ይታይ። ቀጭን መሆንም ዋስትና አይደለም፤ ግፊትም ስኳርም ቀጭን ሰው ይይዛል።

የሙያ አጋሮቼ፣ ከልብስ ሰፊ የምትገኝ አንዲት ሜትር ክፍላችሁ ውስጥ ስቀሉ። ብዙ ወጪ የላትም፣ መብራትም አትፈልግም።

ዛሬ ማታ ቤተሰባችሁን ለኩ፤ ለሌሎችም ሼር አድርጉ። ጤና ሁኑ!