«ሕጉ ነው»

የዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ከጓደኞቼ ጋር የሰፈሩን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሒሳብ አስጠና ነበር። አንድ ቀን የዘጠነኛ ክፍል ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ኔጌቲቭ በኔጌቲቭ ሲባዛ ለምንድን ነው ፖዘቲቭ የሚሆነው?» አለችኝ። የምህንድስና ተማሪ ነኝ፤ ካልኩለስን በጥሩ ውጤት አልፌያለሁ። «ሕጉ ነው» አልኳት። አንገቷን ደፍታ ደብተሯ ላይ «ሕጉ ነው» ብላ ጻፈች።

ጽሑፉን ሳየው ደነገጥኩ። እኔም ስንት ዓመት የተማርኩት እንዲሁ እየጻፍኩ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ሳወጣ ሳወርድ ሰነበትኩና በቀጣዩ ቅዳሜ በሱቅ ዱቤ ሞከርኩት። «የ20 ብር ዱቤ ማለት ኔጌቲቭ 20 ነው። መሰረዝም ኔጌቲቭ ነው። ባለሱቁ እንዲህ ያለ ሦስት ዱቤ ቢሰርዝልሽስ?» ጣሪያ ጣሪያውን አየችና «60 ብር ተረፈኝ!» አለች። ያን ቀን ከሁለታችን ማን የበለጠ እንደተማረ አላጣሁትም።

ታናናሾችን ማስጠናት ሲወራ እንደ በጎ አድራጎት ነው፤ ተማሪው ሰጪ፣ ልጁ ተቀባይ። እኔ ግን የሚያስጠናው ተማሪ ራሱ ትምህርት ላይ ነው ባይ ነኝ። የሚያድገውም ባወቀው ሳይሆን አለማወቁ ልጅ ፊት ሲገለጥበት ነው። ፈተናን ቀመር ሸምድዶ ማለፍ ይቻላል፤ «ለምን?» የምትል የ15 ዓመት ልጅን ግን በሽምደዳ ማለፍ አይቻልም። አሜሪካ ውስጥ ኮሄንና ሁለቱ ኩሊኮች የተባሉ ተመራማሪዎች በ1982 እ.ኤ.አ. 65 ጥናቶችን አሰባስበው ሲመረምሩ፣ የሚያስጠኑትም ተማሪዎች ለሚያስጠኑት ትምህርት ያላቸው ግንዛቤና አመለካከት መሻሻሉን አግኝተዋል።

የአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ይህን ከጥንት ያውቁታል። ፊደል የለየው ላልለየው ያስቆጥራል። ቅኔ ቤት ደግሞ ከየኔታ በታች አስነጋሪ አለ፤ ራሱ ገና ተማሪ ሳለ ታናናሾቹን ይረዳል። በ1964 እ.ኤ.አ. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎትም ተማሪውን ከግቢ አውጥቶ፣ አብዛኛውን ጊዜ በመምህርነት፣ አንድ ዓመት ሙሉ ጠቅላይ ግዛት ያሰነብተው ነበር። እዚህ ላይ ዋናው ነገር ጊዜው ይመስለኛል። አንድ ቀን ሄዶ «በርቱ፣ አንብቡ» ብሎ የሚመለስ ሰው ምንም አይጋለጥበትም። በሳምንቱ ተመልሶ ያቺኑ ልጅ የሚያገኝ ግን ያለፈውን መልሱን ይጠየቃል።

በእኛ ጊዜ የነበረው «አንድ ለአምስት» የተባለው የተማሪዎች የጥናት ቡድን ያልሠራውም በዚህ ምክንያት ነው። ጎበዙ ደከም ያለውን ይደግፍ የሚለው ሐሳብ መልካም ነበር። እኔ በነበርኩበት ክፍል ግን ስም ዝርዝር ተሞልቶ ፊርማ ሲሰበሰብ እንጂ አምስት ሰው አብሮ ሲያጠና አላየሁም። ሪፖርቱ እንደደረሰ ሥራው አለቀ።

ማስጠናት ሁሉ ያሳድጋል አልልም። ያላወቀውን እንዳወቀ አስመስሎ የሚያልፍ አስጠኚ ስህተቱን ለሌላው ያወርሳል፤ እኔም ለወራት አድርጌዋለሁ። «ይህን አላውቀውም፣ ለቅዳሜ አጣርቼ እመጣለሁ» ማለት የቻልኩት ሁለተኛው ሴሚስተር ከተጋመሰ በኋላ ነው። ስለው ልጆቹ ይንቁኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። እነሱ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እኛም አልገባንም ማለት ጀመሩ።

በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች በየዩኒቨርሲቲው ገብተው ተፈተኑ። ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከቀሩት ብዙዎቹ የግቢውን ዶርምና ላይብረሪ ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት በዚያ የፈተና ሳምንት ሳይሆን አይቀርም። እዚያው ግቢ ውስጥ ግን ያን ፈተና ያለፉ በሺህ የሚቆጠሩ ተማሪዎች ይኖራሉ። በሩ ከፈተናው ሁለት ዓመት ቀድሞ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ለሰፈሩ ልጆች ቢከፈት ምን ይከለክላል?