ጋሼ ጡረታቸውን ይዘው ሊመጡ ነው፤ ቤቱስ በማን ስም ይገዛ?

በዚህ ሳምንት ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ እንደተለመደው የፍቅር ጣጣ ናቸው፤ እነሱ ተራቸውን ይጠብቁ። ዛሬ ከገርጂ የተጻፈልኝን አንድ ደብዳቤ አስቀድማለሁ። ጸሐፊዋ የ26 ዓመት ወጣት ናት፤ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ተቀጥራ ትሠራለች። ረዘም ስላለ አሳጥሬዋለሁ።

«አጎቴ ለንደን 29 ዓመት አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው አምና ጡረታ ወጡ። የኮሌጅ ክፍያዬን የከፈሉልኝ እሳቸው ናቸው። ጋሼ ሚስትም ልጅም የላቸውም። አሁን ጠቅልለው ሊመጡ ነው። ባጠራቀሙት ገንዘብ አያት አካባቢ ቤት ሊገዙ አስበዋል። የእንግሊዝ ፓስፖርት ስለያዙ ቤቱ በኔ ስም እንዲሆን ይፈልጋሉ። እናቴ ‹እግዜር ሲሰጥሽ ዝም ብለሽ ፈርሚ› ትለኛለች። ወንድሞቼ ከአሁኑ ፊታቸው ተቀይሯል። ጋሼ በሳምንት 190 ፓውንድ ገደማ ጡረታ ይከፈላቸዋል፤ ‹በብር መንዝሬ እንደ ንጉሥ እኖራለሁ› ይላሉ። እኔ ግን ፈራሁ። ምን ልበላቸው?»

እህቴ፣ መፍራትሽ ደግ ነው። ቤተሰብ የሚበትነው እሱ ነውና ከቤቱ ልጀምር።

ጋሼ ቤቱን በአንቺ ስም የሚገዙበት ምንም የሕግ ግዴታ የለባቸውም። በ1994 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚሰጠውን መታወቂያ፣ ሁላችንም ቢጫ ካርድ የምንለውን፣ አስገኝቷል። ካርዱን የያዘ ሰው ቪዛ አያስፈልገውም፣ የሥራ ፈቃድ አይጠየቅም፣ ቤትም በገዛ ስሙ ያፈራል። መምረጥና መመረጥ ግን አይችልም፤ በመከላከያ፣ በጸጥታና በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶችም ተቀጥሮ መሥራት አይፈቀድለትም። ለጡረተኛ ይህ ምኑ ነው? ኢትዮጵያዊ ፓስፖርታቸውን መልሰው የእንግሊዙንም ልያዝ ቢሉ አይሆንም፤ ሕጋችን ጥምር ዜግነት አይቀበልም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ ቢጫ ካርድ፣ ቀጥሎ ውል ነው። ጎረቤትሽ «ዲያስፖራ በስሙ አይገዛም» ካለሽ የሚያወራው የድሮ ወሬ ነው።

በስምሽ ይሁን ብንልስ? አንቺ ክፉ አትሆኚም እንበል። እግዜር ያርቅልሽና አንድ ነገር ብትሆኚ ግን፣ ልጅ ከሌለሽ ወራሾችሽ እናትና አባትሽ ናቸው። ጋሼ በገዛ ገንዘባቸው በገዙት ቤት እንግዳ ሆነው ቁጭ ይላሉ። ካገባሽ በኋላ ከተገዛ ደግሞ በቤተሰብ ሕጋችን የባልና ሚስት የጋራ ሀብት ነው ተብሎ ይገመታል። ጋሼ ቤቱ ላንቺ እንዲቀር ከፈለጉ ኑዛዜ የሚባል ነገር አለ። በስማቸው ይግዙ፣ በሕግ ፊት የጸና ኑዛዜ ይጻፉ፣ አለቀ። እናትሽን አትስሚያቸው ማለቴ አይደለም፤ በዚህ ጉዳይ ግን አትስሚያቸው።

ወደ ጡረታው ልምጣ። ጋሼ ራሳቸው ላያውቁት የሚችሉት ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው።

የእንግሊዝ መንግሥት ጡረታ እዚያው አገር ለሚኖር ሰው በየዓመቱ ይጨምራል። ጭማሪው የደመወዝን ዕድገት፣ የዋጋ ንረቱን ወይም 2.5 በመቶን ተከትሎ ነው፤ ከሦስቱ የሚበልጠው ይወሰዳል። ጡረተኛው ወደ ውጭ ሲወጣ ግን ነገሩ በሄደበት አገር ይወሰናል። ወደ አሜሪካ፣ ወደ ጃማይካ ወይም ወደ ፊሊፒንስ ከሄደ ጭማሪው ይከተለዋል። ወደ ካናዳ፣ ወደ አውስትራሊያ፣ ወደ ኬንያ ወይም ወደ እኛ አገር ከመጣ አይከተለውም። ለቆ በወጣበት ዕለት የነበረው ክፍያ እዚያው ደርቆ ይቀራል።

በቁጥር ልንገርሽ። አዲሱ ጡረታ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2016 ሲጀመር ሙሉው ክፍያ በሳምንት 155 ፓውንድ ከ65 ፔንስ ነበር። ሚያዝያ 2025 ላይ 230 ፓውንድ ከ25 ደረሰ። ያኔ በ2016 ሙሉውን ጡረታ ይዞ ጃማይካ የገባ ሰው በ2025 230ውን አገኘ። በዚያው ሳምንት ናይሮቢ የገባው አሁንም 155 ከ65 ነው የሚቆጥረው። ሁለቱ አንድ ዓይነት ሥራ ሠርተው፣ አንድ ዓይነት መዋጮ ከፍለው ይሆናል! ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጉ ጡረተኞች በዓለም ዙሪያ እንዲህ ዓይነት ክፍያ ላይ ናቸው። 13 ሰዎች ጉዳዩን አውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት ድረስ ወስደውት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2010 በ11 ለ6 ድምፅ ተፈረደባቸው። ስለዚህ ጋሼ «ነገ ያስተካክሉታል» ብለው እንዳይመጡ።

እንግዲህ የሳቸውን አስቢው። ሙሉው ክፍያ የ35 ዓመት መዋጮ ይጠይቃል፤ 29 ዓመት ለሠራ ሰው 190 ማለታቸው ያስኬዳል። ለንደን ቢቀመጡና ጭማሪው በየዓመቱ ከ2.5 ባይበልጥ እንኳ ከ10 ዓመት በኋላ ይኸው 190 ወደ 243 ይደርሳል። አያት ሆነው ግን 190 ነው። በዚያ ላይ የዚህ አገር ኑሮ ዝም ብሎ አይጠብቃቸውም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ በ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ፓውንድ የያዘ ሰው ያን ሰሞን ተደስቷል። ቀጥሎ ግን ዘይቱም፣ ኪራዩም፣ መድኃኒቱም ተነሣ። የምንዛሪ ደስታ እንደ አዲስ ጫማ ነው፣ ጥቂት ሲሄዱበት ያረጃል። ያጠራቀሙትን ሁሉ በአንድ ቀን ብር እንዳያደርጉት ንገሪያቸው፤ በውጭ ምንዛሪ ሂሳብ ስለማስቀመጥ አስቀድመው ባንክ ይጠይቁ።

ከአውቶቡስ ድርጅቱ የተለየ ጡረታ ካላቸው ሌላ ጉዳይ ነው። የመሥሪያ ቤት ጡረታ የሚጨምረው በራሱ ደንብ ነው፤ ደብዳቤ ጽፈው ይጠይቁ።

አሁን ያንቺ ሥራ ወደሆነው ልለፍ። የእንግሊዝ ጡረታ ክፍል ውጭ ለሚኖሩ ጡረተኞች በየጊዜው የሕይወት ማረጋገጫ ቅጽ በፖስታ ይልካል። ጡረተኛው ይፈርማል፤ ሐኪም፣ መምህር፣ ጠበቃ ወይም የባንክ ሠራተኛን የመሰለ ምስክርም ይፈርምበታል፤ ከዚያ ይመለሳል። ካልተመለሰ ክፍያው ሊታገድ ይችላል። ሰውየው በሕይወት አለ፣ ቡናውን እየጠጣ ነው፣ በወረቀት ግን የለም! የኛን ሰፈር ደግሞ ታውቂዋለሽ፤ «አያት፣ ከባቡሩ ማዞሪያ ገባ ብሎ ሰማያዊው በር» ተብሎ ፖስታ አይላክም። ጋሼ በስማቸው የፖስታ ሣጥን ቁጥር ያውጡ፣ አድራሻውን ለጡረታ ክፍሉ ያሳውቁ፣ አንቺ በየሳምንቱ ቁልፉን ይዘሽ ሂጂ። ቤት በስምሽ ከማስገባት ይልቅ ይህ ነው ውለታ መመለስ ማለት። የለንደን የባንክ ሂሳባቸውንም ባይዘጉት ይሻላል። አንዳንድ ባንኮች ከአገር የወጣ ደንበኛ ሂሳብ ስለሚዘጉ ግን ሳይነሡ ይጠይቁ።

ግብሩ የሚፈራውን ያህል አይደለም። እንግሊዝ አገር በዓመት እስከ 12,570 ፓውንድ ያለው ገቢ ግብር አይከፈልበትም፤ የእንግሊዝ ዜጋ ውጭ ቢኖርም ይህ አይቀርበትም። የጋሼ 190 በ52 ሳምንት ሲባዛ 9,880 ነው። የሥራ ጡረታቸው ተደምሮ ከጣሪያው ካለፈ ነው ጥያቄ የሚመጣው። በኛ በኩል በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 በአንድ ዓመት ውስጥ ከ183 ቀን በላይ እዚህ የኖረ ሰው ነዋሪ ይባላል፤ ነዋሪ ደግሞ ከውጭ ያገኘውም ገቢ ይታያል። አንድ ገቢ ሁለት ጊዜ እንዳይቀረጥ ሁለቱ መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2011 ስምምነት ፈርመዋል። የትኛው ጡረታ ለየትኛው አገር እንደሚታይ አንድ የሂሳብ አዋቂ ቁጭ ብሎ ያሳያቸው። ለሱ የሚከፈለው ገንዘብ አያስቆጭም።

ጋሼ ለንደን ጥለውት የሚመጡትንም ይቁጠሩት። ለዝቅተኛ ገቢ ጡረተኞች የሚሰጠው ድጎማ ካላቸው ጠቅልሎ ለወጣ ይቆማል፤ ለጉብኝት ብቻ ቢወጡ እንኳ በተለመደው ሁኔታ 4 ሳምንት ነው የሚታገሡት። ነጻ ሕክምናው የነዋሪ ነው፤ ከዚህ ተነሥተው ለቀዶ ጥገና ብቻ ቢሄዱ ሊከፍሉ ይችላሉ። የካውንስል ቤት ካላቸው ቁልፉን አንዴ ከመለሱ በኋላ መልሶ ማግኘት ጭንቅ ነው። «እዚህ እየኖርኩ ለንደን ነኝ እላለሁ» የሚል ብልጠት ከሰማሽ ደግሞ ቶሎ ቁረጪው፤ ሲታወቅ ገንዘቡን መልሱ ይሏቸዋል፣ መዘዙም በዚያ አያበቃም።

አንድ ወጣት ጓደኛዬ ይህን ሲሰማ «ታዲያ ለምን ይመጣሉ?» አለኝ። ለምን አይመጡም? ሲልቪያ ፓንክረስት እንግሊዛዊት ሆና በ74 ዓመቷ፣ እ.ኤ.አ. በ1956፣ ጠቅልላ አዲስ አበባ ገብታለች። በ1960 ስታርፍ የተቀበረችውም ቅድስት ሥላሴ ነው። ባዕድ የመጣበትን አገር ጋሼን እንዴት ይቅርብዎ እንላቸዋለን? ለ29 ዓመት በጭጋግ ሲነዱ ያዩት ሕልም ነው እኮ።

ይምጡ፤ ግን መጀመሪያ ይከራዩ። አንድ ዓመት። ሲኤምሲ ይሁን ሰሚት፣ ምድር ቤት ወይም አንደኛ ፎቅ ይሁን፤ ሊፍት በቆመ ቁጥር ስድስተኛ ፎቅ የሚወጣ ጉልበት የለም። ውኃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ አከራዩን ሳይሆን ጎረቤቱን ጠይቂ። የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ እዚህ መገኘቱን በስሙ ፋርማሲ ዞረሽ አጣሪ። የግል ሆስፒታል አስቀድሞ ገንዘብ ስለሚጠይቅ ለዚያ የማይነካ ተቀማጭ ይኑራቸው። ዕድርም ይግቡ፤ ሳቅሽ? ለንደን ጎረቤቱን ሳያውቅ ለኖረ ሰው አያት ላይ የመጀመሪያ ወዳጆቹን የሚያገኘው ዕድር ድንኳን ውስጥ ነው። ዘመድ አዝማዱ «ትንሽ ጨምሩልኝ» እያለ መምጣቱ አይቀርም፤ ጋሼ በወር የሚሰጡትን ልክ ከአሁኑ ይወስኑና አንቺ ቃል አቀባይ አትሁኚ።

በነገራችን ላይ፣ አንቺስ? የግል ድርጅት ሠራተኛ ነሽ። ከደመወዝሽ 7 በመቶ፣ አሠሪሽ 11 በመቶ ለጡረታ ማስገባት አለባችሁ። የደመወዝ ወረቀትሽን አንሥተሽ እይው።

ለጋሼ ስትደውዪ በቤቱ አትጀምሪ። «ጋሼ፣ ጡረታዎ እዚህ ሲመጡ እንደማይጨምር ያውቃሉ?» ብለሽ ጀምሪ። ካወቁ ደስ ይላል። ካላወቁ ትንሽ ዝም ይላሉ፤ አትቸኩዪ፣ ያስቡበት። የቢጫ ካርዱን ጉዳይ ከዚያ በኋላ አንሺ፤ እናትሽ አጠገብሽ በሌሉበት ሰዓት ቢሆን ይመረጣል።