ወረርሽኝ ሲሰማ ከበሽታው የሚቀድም ወሬ

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ቫይረስ ታማሚ መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ይፋ ሲደረግ፣ ከበሽታው ቀድሞ በየአካባቢው የተዛመተው ወሬ ነበር። ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦና አረቄ ፈውስ እንደሆኑ ተወራ፤ የውጭ ዜጎችም በሽታ አምጪ ተደርገው ታዩ። የዓለም ጤና ድርጅት ነጭ ሽንኩርት ከቫይረሱ ስለመከላከሉ ማስረጃ እንደሌለ ቢገልጽም፣ ወሬው በቀላሉ አልቆመም።

በዚያው ወር ማብቂያ በባሕር ዳር፣ በእንጅባራ፣ በአዲስ ቅዳምና በጥሊሊ ለ14 ቀናት እንቅስቃሴ ተገደበ። ከሽንዲ ተነስቶ በቡሬ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚያቀና መንገደኛ የሚያልፈው በእነዚሁ ከተሞች በመሆኑ፣ ስጋቱ የሩቅ ጉዳይ አልነበረም።

የሐሰት ወሬ ጉዳቱ ፈውስ ያልሆነውን በማስወሰድ አያበቃም። መንገደኛው መገለልን ፈርቶ የመጣበትን ስፍራ እንዲደብቅ ያደርገዋል። የጤና ባለሙያ ግን በሽታውን ለመለየትም ሆነ ንክኪ የነበራቸውን ለማግኘት የጉዞ ታሪክን መጠየቅ ግድ ይለዋል። ከመተማና ከሁመራ ቆላ የተመለሰ የቀን ሠራተኛ ትኩሳት ሲበረታበት የነበረበትን ካልተናገረ፣ ካላዛር ወባ መስሎ ሊታለፍና ሕይወት ሊቀጥፍ ይችላል።

ስለዚህ ከቆላ የተመለሰውን ከመሸሽ ይልቅ ፈጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲሄድ ማበረታታት፣ የሰሙትንም ለሌላ ከማውራት በፊት የቀበሌውን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ መጠየቅ ይበጃል።